የጆሮው ሽቦ

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ካለው የአዘዘ ፀጉር ቤት ብቅ ሲል፣ ወሬ ሁሉ ቀጥ ይላል። በቀኝ ጆሮው ከሰካት ነገር ቀጭን ሽቦ ወርዶ፣ በካኪ ኮቱ የደረት ኪስ ካለች የክብሪት ቀፎ ከምታህል ሣጥን ይገባል። ጆሮው ለደከመ ሰው የተሠራ ማዳመጫ ነው ይላሉ። አዘዘ ግን አላመነም። ስንቱ ሰው ባወራት ወሬ ቀበሌ ተጠርቶ በቀረበት ዘመን፣ ድምፅ ትቅዳ አትቅዳ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ደንበኛው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓሣና ስለ ዝናብ ነው።

ዛሬ አዘዘ ሊላጨው ሲል ሣጥኗን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ ሲያኖራት ክዳኗ ተከፈተ። ውስጧ ባዶ ነው።

“ጋሼ፣ ባትሪ የላትም እኮ!” አለ ከጆሮው ሥር እየጮኸ።

“ካለቀ ዓመቱ። የት ይገኛል ብለህ ነው? ሰው ሽቦውን ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያናግረኛል፤ ለዚያ ነው የማንጠለጥላት።”

አዘዘ በጥርጣሬው አፈረ። ሰውየው ተላጭቶ፣ ሽቦውን መልሶ ሰክቶ ወደ በሩ ሲያመራ፣ አዘዘ ተራውን ወደሚጠብቀው ወደ ሣህሉ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣

“ምስኪን! ምንም አይሰማም። እግዜር ይርዳው” አለ።

“አሜን” አለ ሰውየው፣ ዞር እንኳ ሳይል።