ላሚቱን ሽጬ ቱርክ ልሄድ

ንጋት፣ ወልድያ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ፤ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ባዶ ሻንጣ እየጎተትኩ። ለሁለት ዓመት ትምህርት ቱርክ ልሄድ ነው! ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ካልነገርኩ አላርፍም፤ የመርሳው ሚኒባስ ሾፌርም ሳይጠይቀኝ ሰምቷል።

«እንኳን ደስ ያለሽ፤ ለሻንጣው የአንድ ሰው ትከፍያለሽ» አለኝ።

«ባዶ እኮ ነው!»

«ባዶም ቢሆን ወንበር ይዟል።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም እየሳቅሁ ከፈልኩ። ዛሬ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱንና የመኝታውን ወጪ ችሎኛል። ከመምህርነት ደመወዜ እየቆነጠርኩ ያጠራቀምኩት ደግሞ ለቪዛና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። የአውሮፕላን ትኬቱ ግን ግራና በምትባል የገጠር ከተማ ሣር እየጋጠ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጊደር ገዝቼ አባ ሰይድ ለሚባሉ ገበሬ በርቢ ሰጥቻለሁ። እሳቸው ያረባሉ፤ የሚወለደውን እኩል እንካፈላለን። ዛሬ የግራና ገበያ ስለሆነ ላሚቱን እሸጣለሁ። እስከ ነገ ካልከፈልኩ የተያዘልኝ ቦታ ይሰረዛል፤ ትምህርቱም እኔን ብሎ አይቆምም።

ረፋድ፣ መርሳ

መርሳ ገና በጠዋቱ ይሞቃል። በመንገዱ ዳር ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሽንኩርት በጆንያ፤ ባጃጆች እንደ ንብ ይርመሰመሳሉ። አክስቴ አስካለ ገበያው ዳር የሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ቤይሩት ብዙ ዓመት ሠርታ ስለተመለሰች ሻንጣ ማሰናዳት ለሷ ብቻ የተተወ ሙያ ነው። ሻንጣውን ከፍታ ዚፑን ወዲያ ወዲህ ፈተነችው።

«ስሚኝ፤ ካፖርት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ተለብሶ ነው የሚኬደው። ኪሎው የሽሮና የበርበሬ ነው። በርበሬውን ሦስት ፌስታል፣ ከላዩ ፎጣ!»

ከክምሩ ውስጥ ወፍራም ጥቁር ካፖርት መዝዛ አለበሰችኝ። በዚያ ፀሐይ እስከ አገጬ ቆልፌ ቆምኩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«የኔ እህት፣ ወባ ነው እንዴ?» አለች ፓፓያ ሻጯ ከልብ አዝና።

አክስቴ ሳቋ ሲያበቃ የካፖርቱን ዋጋ አልቀበልም አለች። «እኔ ስሄድ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በክረምት ብርድ በነጠላ ጫማ ነው ቤይሩት የወረድኩት። አንቺ እንደዚያ አትሆኚም» ብላ ኮሌታዬን አስተካከለችው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሻንጣውን እንድታሰናዳልኝ ትቼላት፣ ካፖርቱን በክንዴ ይዤ የግራና ባጃጅ ተሳፈርኩ።

እኩለ ቀን፣ ግራና

አባ ሰይድ ከግቢያቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው እርጎና ቂጣ አቀረቡ። ጉዳዬን ለመናገር ቸኩዬ ቂጣውን እንኳ በቅጡ አላኘክሁም።

«አባ ሰይድ፣ ላሚቱን ልሸጣት ነው የመጣሁት። ለመንገዴ።»

ተነሡ። ቀጥሎ እጄን ይዘው ወደ በረቱ ወሰዱኝ። ላሚቱ ሆዷ ወደ ሁለት ጎኗ ተነፍቷል።

«ከብዳለች። በኛ ዘንድ የከበደች ላም በርቢ ካለችበት ቤት ተነሥታ ገበያ አትወጣም። ያረባትን ሰው መካድ ነው።»

የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ደንቡን ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ግን ደስታዬ ጭንቅላቴን ይዞት ከብዳ እንደሆነ እንኳ ደውዬ አልጠየቅሁም። በረቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው ቀረሁ» አልኩ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ!» አሉ። ከበረቱ ጥግ ወደ ታሰረው ቀይ ወይፈን አመለከቱ፤ የላሚቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው። «እሱን እንሽጠው።»

«ግማሹ የእርስዎ ነው እኮ! ግማሹ ደግሞ ለትኬት አይበቃኝም። ለእርሻም ሊያለምዱት አስበው አልነበረም?»

«ሙሉውን ያዢው። የኔን ድርሻ በሆዷ ካለው እወስዳለሁ።»

«ቢሞትስ?»

«ያ የአላህ ሥራ ነው። አንቺ ግን ነገ ካልከፈልሽ መቅረትሽ የታወቀ ነው። ተነሺ፣ ገበያው ሳይበተን።»

ከሰዓት፣ የከብት ገበያ

አቧራ፣ እበት፣ የደላላ ጩኸት። ወይፈኑን እኔ ከኋላ፣ አባ ሰይድ ከፊት ሆነን አስገባነው። ከውርጌሳ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን ጨበጠ፣ ዋጋ ጠርቶ ሄደ፤ ተመለሰ። ደላላው እጃችንን በግድ እያገናኘ ያስማማናል። በመጨረሻ በሰማንያ ሁለት ሺህ ብር ተጨባበጥን።

«ከብቱ የማነው? ዋስ አለው?» አለ ነጋዴው።

«የልጄ ነው። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ አባ ሰይድ።

ብሩ በስልኬ ገባ። እዚያው ከብቶቹ መሀል ቆሜ የትኬቱን ከፈልኩ። ማረጋገጫው ሲደርሰኝ እልል አልኩ፤ አንድ በሬ ደንብሮ ደላላውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። «ኧረ ቀስ፣ ገና ከመሬት አልተነሳሽም!» አለ እየተሳደበም እየሳቀም።

አመሻሽ፣ ከግራና መውጫ

አባ ሰይድ እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። እሳቸው በሬ ሊሆን የደረሰ ወይፈን አጥተው ባዶ ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለዋል፤ እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቅቶኛል። አፈርኩ።

«አባ ሰይድ፣ የሚወለደው ሙሉው የእርስዎ ነው። ላሚቱም ብትሆን ክፉ ቀን ከመጣ ሽጠው ይጠቀሙባት። እኔ ሩቅ ነኝ።»

ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው እጃቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ወላሂ አልሸጣትም። ባሕር ማዶ የሄደ ስንቱ ቀርቷል። እሷን ከሸጥኳት አንቺን ምን ይመልስሻል?»