በሽምብጥ የቀረ ድምፅ

የወጣሁበትን ቀን በትክክል አላስታውሰውም። ጥምቀት ማለፉን አውቃለሁ፤ ሐይቁ ከዳር ሸሽቶ ጭቃው መታየት ጀምሮ ነበርና በጋው ገፍቶ ነበር ማለት ነው። ልጄ ውባለም ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ትነግረኛለች፣ እሺ እላለሁ፣ መልሶ ይጠፋኛል። ጎሕ ሲቀድ መነሣቴን ግን አልረሳም። ባለቤቴ እናኑ የዓሣ ቋንጣ በላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ትጎሰጉሳለች፣ እኔ ደግሞ አውጪው እላታለሁ።

«እዚያ አገር ዓሣ የለም ያለሽ ማነው?»

«ቢኖርስ የጣና ነው? ወረቀቴ እስኪያልቅ እሱን እየቆረጠምህ ቆየኝ። እኔ ከኋላህ ነኝ።»

የተለያየነው እንዲህ ተባብለን ነው። ውባለም ወደ ካናዳ የጠራችው ሁለታችንንም ነበር። የእኔ ቪዛ ወጣ፣ የእናኑ ግን ሜዲካሉ፣ የጤና ምርመራው፣ ይደገም አሉ። አንዱ ይቅደም ተባለና እኔ ቀደምሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ በሞተር ጀልባ ሰው ያመላለስሁ ሰው ነኝ። ያሳፈርሁትን ሰው ዳር ላይ ትቼ ሄጄ አላውቅም። ያን ጠዋት ግን ሽምብጥ ሰፈር፣ ከደጃችን ላይ፣ እናኑን ትቻት ሄድሁ።

ካናዳ ስገባ የኤርፖርቱ ሹም ቋንጣውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗ ካነጋገሯ ያስታውቃል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው ይላል።»

«ዓሣ ነው በይው።»

«መቼ ነው የሞተው ይላል።»

«ዘመዴ ነው እንዴ የሞተበትን ቀን የምይዝለት?»

ሳቋን ስትውጥ ሰማኋት። ለእሱ ምን ብላ እንደነገረችው አላውቅም፤ ቋንጣውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለውና እኔን አሳለፈኝ።

ውባለም የምትኖረው ኤድመንተን በምትባል ከተማ ነው። ቤቷ ቤዝመንት ነው፣ እኛ ምድር ቤት የምንለው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ የሚያልፈው ሰው እግሩ እንጂ ፊቱ አይታይም። ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ ትልቅ ወንዝ አለ። ወንዝ አለ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሄጄ ሳየው ድንጋይ ሆኗል፤ ሰው በላዩ ላይ ውሻውን ያንሸራሽራል። ውኃ ላይ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ሆዱ ምን እንደሚል እንደኔ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ዓሣቸውም ራስ የለው፣ አጥንት የለው፣ ሽታ የለው። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ከነራሱ ተጠብሶለት ለኖረ ሰው እሱን መብላት ሳሙና እንደማኘክ ነው። ጎረቤቱ «ሃይ» ይልህና ያልፋል። እንዴት አደርህ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡ እንዴት ነው የለም። መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ ቀሪውን እጠብቅ ነበር።

አከራያችን ሚስተር ፒተር ከላይ ይኖራል። አንድ ቀን ፊቱን አጨፍግጎ ወረደና ከውባለም ጋር ተነጋገረ።

«አባዬ፣ ስልክ ስታወራ ለምን ትጮሃለህ ይላል።»

«ሩቅ ስለሆነ ነው በይው።»

«ድምፁን የሚያደርሰው ስልኩ እኮ ነው ይላል።»

«እሱ ባሕር ዳር ደውሎ ያውቃል?»

ውባለም ይህን አልተረጎመችለትም መሰለኝ፤ ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

እኔ የምጮኸው ለእናኑ ነበር። የእሷ ወረቀት ዛሬ ነገ እየተባለ ሳለ ባሕር ዳር ኔት ጠፋ። ተራው ስልክም እየመጣ የሚሄድ ሆነ፤ ጤና ይስጥልኝ ሳንባባል ይቋረጣል። የመጨረሻ ያገኘኋት ዕለት ቶሎ ቶሎ ነበር የምታወራው።

«ስማኝ፣ በዚህ ስልክ የሆድ አይወራም። የልጅቱን ኮምፒውተር እየከፈትሁ፣ ልነግርህ ያሰብሁትን ሁሉ በድምፅ እየቀዳሁልህ ነው። ኔት የመጣ ቀን ይላክልሃል። እስከዚያ ልጅቱን እንዳታስቸግራት።»

«ምን ምን አልሽኝ?» ብዬ ሳልጨርስ ጠፋች።

ኔቱ ሳይመለስ እናኑ አረፈች። ደም ግፊት ነው አሉ። ውባለም የአገር ሰዎች ሰበሰበች፤ በማለዳ፣ እንደ ወጉ አረዱኝ። ልሂድ አልሁ። የመኖሪያ ወረቀትህ ገና አላለቀም፣ ከወጣህ አትገባም አሉኝ። አልገባም ብዬም ተነሥቼ ነበር፤ ውባለም እግሬ ላይ ወድቃ «እናቴን ቀበርሁ፣ አንተን ደግሞ ልጣህ?» ስትለኝ ተቀመጥሁ። ምድር ቤት ውስጥ ሆኜ ለቅሶ ተቀበልሁ። ሚስተር ፒተር ጩኸት ሰምቶ ወረደ፣ ውባለም ነገረችው፣ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጩኸት አንሥቶ አያውቅም። አንዳንዴ እንዲያውም ቢቆጣኝ እላለሁ።

አፈሯን አላየሁ፣ ፊቷን አላየሁ። የቀረኝ ያ የቀዳችው ድምፅ ብቻ ሆነ። ስነሣም ስቀመጥም አሳቤ እሱ ነው። ምን ብላኝ ይሆን? የታመመችውን ነግራኝ ይሆን? ትተኸኝ ሄድህ ብላኝ ይሆን?

ኮምፒውተሩ የውባለም ነው። ከመውጣቷ በፊት የሰው ማመልከቻ ትጽፍበት ነበር። የሐይቁ እርጥበት አስረጅቶታል፤ የፍላሽ መሰኪያው ከሞተ ቆይቷል፣ ከሶኬት ከተነቀለ አይሠራም፣ ሲነሣም እንደ ወፍጮ ያጓራል። ኔት ሲመለስ ወደ ሠሪ ቤት ይወሰድ አልሁ፤ ውባለም በመንገድ ይበላሻል ብላ ፈራች።

«ባለበት ይቀመጥ፣ ከዚሁ ሆነን እናወጣዋለን» አለችኝ።

ነገሩን እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። አንዱን ኮምፒውተር ከሌላው ሆኖ የሚከፍት ፕሮግራም አለ። ውባለም እናቷን ከሩቅ ልትረዳበት ከመሄዷ በፊት ጭናው ነበር። እዚያ ያለው ሰው ፈቅጃለሁ የሚለውን ከተጫነ፣ የዚያ ኮምፒውተር ስክሪን እዚህ ብቅ ይላል። እዚህ ማውሱን ስታንቀሳቅስ እዚያ ያለው ቀስት ይሄዳል። ፋይል ማመላለሻውን ስትከፍተው ደግሞ በግራ የዚህኛው፣ በቀኝ የዚያኛው ዕቃ ይደረደራል። ከቀኝ ይዘህ ወደ ግራ መጎተት ነው። ውባለም የእናቷን ድምፅ መንካቱን ስላልደፈረች መጎተቱን ለእኔ አስተማረችኝ።

የቤቱን ቁልፍ የያዙልን ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። ዜማ ያስተምራሉ፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ጠዋት ከተማሪዎቻቸው ጋር ስለሆኑ ወደ ማታ ግድም ይመቻቸዋል፣ ያ ለእኛ ጠዋት ነው። አገር ቤት ክረምት ገብቶ ነበር። በቀጠሮው ቀን ገብተው፣ ውባለም በስልክ እየመራቻቸው ኮምፒውተሩን አስነሥተው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«አያ ሙሉ፣ አንድ ነገር ብቅ ብሏል።»

«አረንጓዴውን ይጫኑት፣ መሪጌታ።»

«አንቱ ይቅደሙ እንጂ።»

«እኔማ እዚህ ነኝ! የሚጫኑት እርስዎ ነዎት።»

«ቤቱ የአንቱ፣ ዕቃው የአንቱ። ባለቤቱ ቆሞ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«በእናኑ ይሁንብዎ፣ ይጫኑት!»

«እ... አሁንማ ጠፋ።»

ውባለም ግንባሯን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ ትስቅ ታልቅስ አልለየሁም። እንደገና ላከች፣ እሳቸው እንደገና ይቅደሙ አሉ፣ እንደገና ጠፋ። በመጨረሻ እኔ፣ እሺ ቀድሜያለሁ፣ አሁን የእርስዎ ተራ ነው አልኋቸውና ተጫኑት።

ስክሪኑ ተከፈተ። ማውሱን ገፋ አደረግሁት።

«በስመ አብ! ብቻውን ይሄዳል!»

«እኔ ነኝ፣ አይዞዎ።»

«አንቱ ነዎት እዚህ ውስጥ?»

«እጄ ብቻ ነው፣ መሪጌታ።»

እውነቴን ነው፣ እጄ ባሕር ዳር ገባ። ሌላው ሰውነቴ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እጄ ቤቴ ገብቶ ዕቃዬን ያገላብጣል። ውባለም በጣቷ አሳየችኝ፤ «ለሙሉ» የሚል ማኅደር አለ። ስከፍተው የእናኑ ድምፆች ቁልቁል ተደርድረዋል። ብዙ ናቸው። ይህን ሁሉ ለብቻዋ ተቀምጣ ስታወራኝ ከርማለች። ከላይ ያለችው ትንሽ ናት፣ ከሥሯ ያሉት ሁሉ ረጃጅም ናቸው።

«ትንሿን እናስቀድምና ኔቱን እንየው» አለች ውባለም።

ጎተትኋት፣ መጣች። በግራ በኩል፣ በእኛ ወገን ቁጭ አለች። ውባለም ልክፈታት አለች። እኔ ሁሉም ይምጡና አንድ ላይ እንሰማለን አልኋት። ረጃጅሞቹን በሙሉ ይዤ ወደ ግራ ጎተትሁ። መምጣታቸውን የምታሳይ አንዲት መስመር ታየች፤ ነፋስ ፊት ለፊት የገጠማት ታንኳ ይመስል በስንት ምጥ ትገፋለች። መሪጌታ በስልክ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ ዳጉሳ ያጫውቱኛል። እኔ ዓይኔ ከመስመሯ አይነቀልም።

«ኧረ ያጉረመርማል» አሉ።

«ምኑ? ኮምፒውተሩ?»

«ሰማዩ ነዋ። ከዘጌ በኩል ጠቁሮ መጣ።»

አገር ቤት ያላችሁ ከዚህ በኋላ የሆነውን አውቃችሁታል። ነጎድጓድ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ፍሪጁ ይነቀላል፣ ስልክ ይዘጋል። ከልጅ እስከ ሽማግሌ ማንም ሳይነገረው የሚያደርገው ነው። እኔ ግን ስክሪኑ ውስጥ ገብቼ ረስቼው ነበር። በዚያ ስልክ ውስጥ ሲያስገመግም ሰማሁ፤ ናፍቆኝ የኖረ ድምፅ ነው፣ ደስ ሁሉ ብሎኝ ነበር።

«አያ ሙሉ፣ መብረቅ ነው! አደራዎን ላትርፍ፣ ስልኩንም ልዝጋው!»

«መሪጌታ! አይንቀሉት! መሪጌታ!»

ዘግተውታል። መስመሯ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። የእናኑ ማኅደር ለትንሽ ጊዜ እንደ ፎቶግራፍ ቆሞ ታየ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ውባለም ስልኩን ደጋግማ ሞከረች። ዝግ ነው።

መሪጌታ ሶኬቱን ከነቀሉ በኋላ ኮምፒውተሩ እንዳይበርደው በጋቢያቸው ሸፍነውት ዝናቡ እስኪያባራ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ሲያባራ መልሰው ሰኩት። አልተነሣም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል ብለው ነገሩኝ። ሠሪ አስመጡ። ሠሪው፣ ዕቃ የሚይዘው ዲስክ ነው የተሰበረው፣ ድሮም አርጅቷል፣ እያነበበ ሳለ ድንገት ሲነቀልበት ሞተ አላቸው። አዲስ አበባም ተላከ። ከእሱ የሚወጣ ነገር የለም ተባለ።

ትንሿን ከፈትናት። መጀመሪያ ወንበር ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ከዚያ እናኑ ናት፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«ይሰማል? ይሄ ቀዩ በርቷል... ሙሉ፣ ትሰማኛለህ? ቆይ፣ መጀመሪያ በሩን ልዝጋና።»

ይኸው ነው። በሩ ሲዘጋ ይሰማል፣ ያልቃል።

ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አትጠይቁኝ። በሩ በተዘጋ ቁጥር እኔ ደጅ እቀራለሁ። ሰዎች፣ ይህችም ትልቅ ነገር ናት፣ ድምጿን አገኘህ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ያገኘሁት ግን ሊነገረኝ የነበረ ነገር መኖሩን ነው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ከእንግዲህም አላውቅም።

መሪጌታ ብዙ ጊዜ አልደወሉም። በኋላ ሲደውሉ ድምፃቸው ተሰብሯል።

«በእጄ ገደልኋት፣ አያ ሙሉ።»

«እኔም ብሆን እነቅለው ነበር» አልኋቸው። እውነቴን ነው።

ያን ጊዜ ነው ከመካከላችን ያለው ግድግዳ ትዝ ያለኝ። ቤታችን ከቤታቸው ጋር የተያያዘ ነው።

«በሩን ዘግታ ስታወራ አልሰሙም? ምንም?»

«ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነው። ድምጿ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም።»

«ታለቅስ ነበር?»

«አንዳንዴ ዝም ትላለች። አንዳንዴ ትስቃለች። የምትቆጣም ይመስለኝ ነበር።»

«በምን?»

«እሱን አላውቅም፣ ወንድሜ። አልዋሽዎትም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሊያጽናናኝ ብሎ አንድ ነገር ይፈጥርልኝ ነበር፤ እኔም አምኜው እኖር ነበር። እሳቸው ያንን አላደረጉም። አሁንም እሑድ እሑድ አመሻሽ ላይ ይደውላሉ። የምንለው ሲያልቅብን ስልኩን አንዘጋውም፤ እሳቸው ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ ዝም ብለን እንቆያለን። ሐዘኑ አልቀለለኝም። ቀኑን ግን እየገፋሁት ነው። ደግፈው የያዙኝ ሰው መሪጌታ ይትባረክ ዘለቀ ይባላሉ።