በዩሚ ሰኞ ሰኞ የት ይሄዳል?

በግብፅ፣ በደመንሁር ገበያ፣ በዩሚ የሚባል ሥጋ ሻጭ አለ። ሉካንዳው ውስጥ ሲጣራ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል፤ ሪዙ ላይ ሁለት እርግብ ያሳርፋል። ይህ በሬ ገነጣጣይ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ጨቅላ ሕፃን ነው። አንድ ጊዜ የእህቱን ልጅ ቢያሳቅፉት እጁ ተንቀጥቅጦ «ውሰዱልኝ!» ብሎ ጮኸ። እህቱ ሳቀችበት፤ እሱ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሚስቱ ራውያ ነፍሰ ጡር ነበረችና። አባቱ አንድም ልጁን አቅፎ ሳያውቅ ነው የሞተው፤ በዩሚ እንደዚያ መሆን አልፈለገም።

ስለዚህ ሰኞ ሰኞ አመሻሹ ላይ ጤና ጣቢያው ወዳዘጋጀው የአባቶች ትምህርት መሄድ ጀመረ። ሲስተር ዓፋፍ የምትባል አዋላጅ ሰባት ስምንት ሪዛም ሰብስባ የጎማ አሻንጉሊት ታሳጥባለች፣ ዳይፐር ታስለውጣለች፣ ፓውደር ታስነሰንሳለች። ወንዶቹ ከበሩ ውጭ ሲገናኙ ላይተዋወቁ ሪዛቸውን ይዘው ምለዋል። በዩሚ ለራውያ የሚላት «ዶሚኖ ልጫወት ነው» ነው። ሌላው ባል ዶሚኖ ተጫውቶ ሲመጣ «ሥራ ነበረኝ» ይላል፤ የበዩሚ ውሸት እንኳ የተገለበጠ ነው።

ልጅቷ ተወለደች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት አንድ ቀን አማቱ ኢንሺራህ ዳይፐር ሊያስሩላት ቢታገሉ፣ እሷ ስትንፈራገጥ ዳይፐሩ ወዲህ፣ ሽንቱ ወዲያ ሆነ። በዩሚ ማየት አልቻለም። «ይፍቀዱልኝ እማማ» አለና እግሮቿን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ ጠርጎ፣ ፓውደር ነስንሶ፣ ጥብቅ አድርጎ አሰረላት። ከዚያም ትከሻው ላይ አድርጎ እስክታገሳ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። ልጅቷ ዝም አለች።

«አንተ በዩሚ» አሉ ኢንሺራህ ዓይናቸውን አጥብበው። «ስንት ወልዳልሃለች?»

«ማን?»

«ይሄን እጅህን ያስለመደችው ድብቋ ሚስትህ ናታ!»

ራውያ ከትራሷ ቀና አለች። «ሰኞ ሰኞ ጋላቢያ ቀሚስህ ፓውደር ፓውደር ይላል ስል… እኔ ጅሏ ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄዶ ነው እላለሁ!»

እውነቱን ቢናገር ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን የሻይ ቤቱ ወንዶች ሳቅ ታየው፤ አሻንጉሊት የሚያጥብ ሥጋ ሻጭ! አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። ዝምታው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረበት።

ወሬ እግር የለውም ይባላል፤ በዩሚ በማግሥቱ ሻይ ቤት ሲገባ ግን ቀድሞት ተቀምጧል። ወንዶቹ ተነሥተው ተቀበሉት። «ሙዓሊም በዩሚ፣ ጌታችን! ይሄን ያህል ድብቅ ነህ እንዴ?» ብሎ ከሁሉ በላይ የጮኸው የሚኒባስ ሹፌሩ ሺንዲ ነው። ይህ ሺንዲ ሰኞ ሰኞ ከበዩሚ ጎን ተቀምጦ አሻንጉሊት የሚያጥብ ሰው ነው፣ ዓይን አውጣ! ሻይ በነጻ መጣ። በዩሚም፣ ምን ይደበቃል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ጠጣው።

ብርጭቆውን ሳይጨርስ ራውያ ልጇን ታቅፋ፣ እናቷ ሻንጣ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«አባቴ ቤት መሄዴ ነው» አለች። «ልጅ ካማረህ ያቺኛዋ የወለደችልህን እቀፍ።»

በዩሚ ልጅቷን አያት። እሷን ካጣ ሪዙ ለምኑ ነው? «ሌላ ሚስት የለኝም!» ብሎ ጮኸ። «ጤና ጣቢያ ነው የምሄደው! አሻንጉሊት ነው የማጥበው!»

ሻይ ቤቱ አውካካ።

«ስትዋሽ እንኳ የሚመስል ዋሽ» አሉ ኢንሺራህ። «ምስክር አለህ?»

በዩሚ ሺንዲን አየው። ሺንዲ ብርጭቆው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሯል። በዩሚ ምሏልና ስሙን አልጠራም። «ስጪኝና ላሳይሽ» አላት ራውያን።

እያቅማማች አቀበለችው። ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥበት ግን የጥንቱ ፍርሃቱ መጣ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ የልጅቷ ራስ ወደ ኋላ ዘንበል አለ።

«አንገቷን!» ሺንዲ ወንበሩን ገልብጦ ዘሎ ደረሰና መዳፉን ከማጅራቷ ሥር ሰደደ። «አንገቷን ደግፍ እንጂ አንተ! ሲስተር ዓፋፍ ስንቴ ትንገረን?»

ኢንሺራህ አንዴ ሺንዲን፣ አንዴ በዩሚን አገላብጠው አዩ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ወይ ሁለታችሁም አንዲት ሴት አግብታችኋል፣ ወይ ይሄ ጅል እውነቱን ነው።»

ሳቁ አሁን ወደ ሺንዲ ዞረ። ራውያ ግን አልሳቀችም። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አፈርኩ። እጄ ይንቀጠቀጣላ።»

ትንሽ አየችው። ልጇን ልትቀበል የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች።

«በል ይዘሃት ቀስ ብለህ ና» አለችው። «እኔ ሄጄ ልተኛ ነው።»

ሻንጣውን ለእናቷ ትታ፣ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ባዶ እጇን እያወናጨፈች፣ በገበያው መሃል አቋርጣ ወደ ቤቷ ሄደች።