ሐዘን ቤት የገባው ቼዝ

አባቴ ሲሞት ዘመዶቻችን ለእናቴ ያልወሰኑላት ነገር አልነበረም። ምን እንደምትለብስ፣ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ፣ እስከ መቼ ከቤት እንደማትወጣ። ሀዋሳ መሃል ከተማ ላይ ከአባቴ ጋር የጨርቅ ሱቅ ይዛ የኖረች ሴት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን ጥቁር ለብሳ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ምሳ መብላቷን እስከመርሳት ደረሰች። ካወራችም ስለ አባቴና ስላለፈው ብቻ ነው። «ሐዘን ነው፣ ተያት» ይሉኛል። አልተውኳትም።

ያኔ መምህርት ነበርኩ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ተማሪዎቼን ቼዝ አጫውት ነበር። ቼዝ ለልጅ አእምሮ ጥሩ ነው ሲባል ሁሉም ይስማማል፤ ለትልቅ ሰው ሲባል ግን ይስቃሉ። ይሳቁ። አንድ ከሰዓት፣ መብራቱ በፈረቃ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ዝም ባለበት፣ ሰሌዳውን ፊቷ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ቀና ብላም አላየችው። ፈረሱ በሌሎቹ ላይ ዘሎ እንደሚያልፍ ሳሳያት ግን፣ «ለእሱ ብቻ ማን ፈቀደለት?» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስለ አባቴ ያልሆነ ነገር ስትናገር ያ የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተጫወትን። ጨርቅ ስትለካ አንድ ጣት እንኳ እንደማትጨምረው ሁሉ፣ አንድ ወታደር መስጠት ያንገበግባታል፤ በዚህም ደጋግማ ተሸነፈች። ግድ የለም። ቼዝ ስለሚቀጥለው ካላሰቡ አያጫውትም፤ እናቴም ስለሚቀጥለው ማሰብ ጀመረች። ልትተኛ ስትል፣ «ነገ ንግሥትሽን ነው የምወስድብሽ» ትለኛለች። «ነገ» የሚለውን ቃል ከአፏ ለመስማት ብዬ ንግሥቴን ሁልጊዜ ብሰጣት ደስ ባለኝ።

ሊጠይቋት የሚመጡ ጎረቤቶች ሰሌዳውን አዩና ወሬው ለአባቴ ታላቅ ወንድም ደረሰ። አጎቴ ስንጫወት ደረሱብን።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ጨዋታ? ሰው ምን ይላል?» አሉና ሰሌዳውን እንዳነሳ አዘዙኝ።

«አላነሳም» አልኳቸው። እሳቸውን እምቢ ብዬ አላውቅም። ግን ሰሌዳው ከተነሳ እናቴ ወደ ግድግዳዋ እንደምትመለስ አውቃለሁ።

በቀብሩ ሰሞን ደጃችን በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ወንዶቹ እያመሹ ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ እሳቸውም አብረው። ይህን ላስታውሳቸው ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል። «ድንኳን ውስጥ ካርታ ስትጫወቱ ሳቃችሁ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሐዘንተኛ ለማበርታት ነው ተባለ፣ ዝም አልኩ። የሞተው የእኔ ባል ነው። እኔስ በምን ልበርታ?»

እናቴ መልስ አልጠበቀችም። ተራው የእሷ ነበርና ተጫወተች።