እሳት ያልጠገበ ማረሻ

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ አንድ ኩባንያ የሕንጻውን ምድር ቤት የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አድርጎታል። በሩን የሚጠብቁት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው አዛውንት ናቸው። የኩባንያው ኮፍያ እስከ ቅንድባቸው ይወርዳል።

አዳራሹ መሐል ተበይዶ የቆመ የማረሻ ክምር አለ። ጎብኚዎች አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ አገጫቸውን እያሻሹ ይዞሩታል። አዛውንቱ ሰው ዘወር ሲልላቸው ብረቱን በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ይደቅናሉ።

“እሳት ያልጠገበ” ይላሉ ከንፈራቸውን ጣል አድርገው። “በዚህ ያረሰ ገበሬ አንድ ትልም አይጨርስም። ደሞ ዘበኛ ቀጠሩለት። ማን ሊሰርቀው?”

አንድ ጠዋት ወለል የምታጸዳው ሸጋዬ ሰማቻቸው።

“አባባ፣ ብረት ያውቃሉ እንዴ? እዚህ ጎረቤት ያለው ፋብሪካ ብረት የሚያውቅ ሰው አጥቷል። ልንገርልዎ?”

አገር ቤት፣ በመንደራቸው ማረሻቸውን በእሳቸው የሚያሠሩ ገበሬዎች፣ እሳቸው ሲያልፉ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባቸው ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተብሎ። እዚህ ሲመዘገቡም ሙያቸውን ለጠየቀቻቸው ጸሐፊ “ገበሬ” ብለው ነው ያስጻፉት።

“ምን በወጣኝ” አሉ፣ ክምሩን ባዩበት ንቀት። “እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ።”

ኮፍያቸውን አወለቁና ፍም የጠበሰውን እጃቸውን ከሥሩ ደበቁ።