የአንድ ሰው ጤፍ

ታሚስ የሚሉት ሰፊ የአፍጋን ዳቦ ከእቶን ሲወጣ የሚሰጠው ሽታ፣ ዛሬም በሳውዲዋ ደማም ከተማ በዳቦ ቤት በኩል ሳልፍ ድንገት ይይዘኝና ባደግኩበት ሰፈር በቱቅባ፣ የልጅነቴ ቤት ደጃፍ ላይ ያቆመኛል። ከፎቃችን ሥር ዳቦ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ ትኩሱን ታሚስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ደረጃውን እየዘለለ ሲወጣ፣ እኔ በሩን ከፍቼ እጠብቀውና ጠርዙን ቆርሼ እዚያው ቆሜ እበላ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሆድ ቁርጠት ግን ማንም ከዳቦው ጋር አላገናኘውም።

የሐምሌ ሙቀት የባሕሩን እርጥበት ይዞ ግድግዳውን ላብ በላብ በሚያደርግበት ወቅት እግሬ ቀጥኖ፣ ሆዴ ተነፍቶ፣ ከሰዒድ ጋር ደረጃ መውጣት አቃተኝ። እማ ወስፋት ነው አለች፣ ጎረቤቶች ዓይን ነው አሉ፣ ቁርኣን የተቀራበት ውኃ ጠጣሁ፣ ዘምዘምም ጠጣሁ። በመጨረሻ አባ፣ አል ሒዛም አል-አኽደር በሚባለው ሰፈር የሚሾፍርለትን አሠሪውንና ዋሱን፣ ካፊሉን አስፈቅዶ ሆስፒታል ወሰደን። ሐኪሙ ደሜን ካስመረመረ በኋላ «ሴሊያክ» የሚል ስም ነገረን፤ ብዙ አስረዳ፣ እማ ብዙው እንዳልገባት ሲያይ ግን አሳጠረላት።

«ኹብዝ ማፊ! ኸላስ!»

«ዳቦ የለም፣ በቃ!» ማለቱ ነበር፤ ኹብዝ ዳቦ ነውና እማ በቃሉ ተገኘች፣ ዳቦን ከቤት አባረረችው። «ከእንግዲህ ዳቦ ላንቺ ሐራም ነው» አለችኝና፣ እንዳይርበኝ ብላ እንጀራ ትጨምርልኝ ጀመር። ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን የቤታችን እንጀራ የሚጋገረው ከስንዴ ዱቄት ነበር፤ በእኛ አፍ ግን እንጀራ እንጀራ ነው፣ ስንዴ ብሎ የሚጠራው የለም። «ብይ እንጂ ልጄ፣ ዳቦ አይደለም'ኮ!» እያለች ስታጎርሰኝ፣ እኔም የእናት እጅ እምቢ አይባልምና እየጎረስኩ፣ ከወር ወር እየባሰብኝ ሄደ።

ብርዱ ገብቶ፣ ዝናቡ የቱቅባን መንገድ ኩሬ ሲያደርገው ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። የአመጋገብ ባለሙያዋ ሱዳናዊት ነበረች፣ እንጀራ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

«እንጀራውን ከምንድን ነው የምትጋግሪው?» አለቻት በአረብኛ።

«ከዱቄት።»

«ከምን ዱቄት?»

እማ «የስንዴ» የሚለውን ሳትጨርሰው አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች፤ የሚጎዳኝ ስንዴው እንጂ ዳቦ የሚለው ስም አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ «በገዛ እጄ! ልጄን በገዛ እጄ!» እያለች ስታለቅስ፣ አባ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ አላወቅሽም'ኮ፣ አላህ ያውቃል» ይላት ነበር። የእሱም ድምፅ ደህና አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዳንኩ፣ ግን ከገበታ ወጣሁ። የላስቲኩ ሱፍራ መሬት ላይ ይነጠፍና እነሱ አንዱን ትሪ ሲከቡ፣ እኔ ፍርፋሪ እንዳይነካኝ ዳር ላይ ሩዜን በሰማያዊ ሰሃን ይዤ እቀመጥ ነበር። እማ ረስታ ጠቅልላ ወደ እኔ ስትዘረጋ፣ ትዝ ይላትና እጇ መንገድ ላይ ታጥፎ ሰዒድ አፍ ውስጥ ይገባል። ሰዒድ ደግሞ አፉ እንደሞላ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይለኝና የእማን ኩርኩም ይቀምስ ነበር። በእኛ ቋንቋ ሕመሙም ሐዘኑም የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ «ምነው?» ስባል «ሆዴን» እል ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። በጣም ይከፋኝ ነበር።

ረመዳን ሲመጣ አንዲት አፍታ ነበረችኝ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁላችንም ተምር አንስተን ውኃ ስንጎነጭ፣ እኔም የገበታው አካል እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። ወዲያው ሳምቡሳው ይመጣና እኔ ወደ ሰሃኔ እመለሳለሁ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ከአገር የመጣች የእማ ዘመድ በሻንጣዋ ጤፍ ይዛልኝ መጣች። እማ አዲስ መጥበሻ ገዝታ ለእኔ ብቻ ጋገረችው። የቡኮው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ሰዒድ እንኳ መቀለዱን ተወ፣ አባም የወሎ ልጅ ነውና ስንት ዓመት ያልቀመሰውን እያሸተተ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። በዓይኑ እየበላው እንደነበር አየሁ። ጤፉ ግን ጥቂት ስለነበር ሁሉም እንደ መድኃኒት አከበሩት፣ እኔም የቤቱን ምርጥ ምግብ ይዤ እንደገና ብቻዬን ዳር ተቀመጥኩ።

አላስቻለኝም። ከእንጀራዬ ቆርሼ፣ ምስር ወጥ አድርጌ ጠቅልዬ ተነሣሁና አባ ፊት ቆሜ ወደ አፉ ዘረጋሁ።

«ያንቺ ነው፣ መድኃኒትሽ ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

«አባ፣ በሞቴ!»

«በሞቴማ አትበይኝ!» ብሎ ደነገጠ፤ ልጅ አባቱን እንዲህ ብሎ አያስገድድም። ከዚያ አፉን ከፈተ። እያላመጠ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እጁን በሳሙና ታጠበና መጥቶ ከእኔ ሰሃን ጎን ተቀመጠ፤ ከራሴ እንጀራ ጠቅልሎም አጎረሰኝ። አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር የሰው እጅ ሳያጎርሰኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጤፍ በተገኘ ቁጥር አባ መጀመሪያ ከእኔ ጋር አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ወደ ትሪው አይሄድም ነበር።

ካፊሉ ሲሞቱ እማና አባ የመውጫ ቪዛው፣ ኹሩጁ፣ ተመትቶላቸው ኮምቦልቻ ገቡ፣ ሰዒድ አግብቶ ጅዳ ሄደ፣ እኔ ሥራዬም የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬም እዚህ ስለነበር ደማም ቀረሁ። ዛሬ የሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ከግሉተን ነፃ በሚሉ ካርቶኖች ተሞልቷል፣ ጤፍም በስልክ ታዞ በር ድረስ ይመጣል። ወጥ ቤቴ ውስጥ አንዲት የስንዴ ፍርፋሪ የለችም፣ የሚያሰጋኝ የሰው እጅም የለም። ያኔ ለብቻው የተቀመጠው ሰሃኔ ነበር፣ አሁን ቤቱ ነው።

እማ ዛሬ የምትጋግረው ጤፍ ብቻ ነው። አርብ አርብ ስደውል ከኋላዋ የአክስቶቼ ሳቅና የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል፤ ሳልፈራ እጄን የምሰድበት ትሪ በመጨረሻ ተገኝቶ፣ እነሱ ከበውታል፣ እኔ ከባሕር ማዶ ነኝ። «ምን በላሽ?» ትለኛለች፣ እኔም አንድ በአንድ እነግራታለሁ። ከማን ጋር ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።