ከሌለ ማንን ትፈራለህ?

ክንፈ እግዚአብሔር የለም ይላል። በሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ። አሶሳ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ማንጎው ሥር፣ የጽሕፈት መኪናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም በተሰበሰበበት ነው የሚለው። እንጀራው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ባለጉዳይ መጥቶ «በፈጣሪ ስም እለምናለሁ በልልኝ» ሲለው፣ «ፈጣሪ እዚህ መሥሪያ ቤት አልተቀጠረም፤ የምንጽፈው ለኃላፊው ነው» ብሎ ይዘለዋል። ሰዉ ታዲያ ይሸሸዋል? ምን በወጣው! ጽሑፉ ያምራላ። ሰድበውትም ቢሄዱ በማግስቱ እሱው ዘንድ ናቸው።

ወደዚህ አገር የመጣው በሰባ ሰባት፣ ሰፋሪውን ከወሎ ይዘው ከወረዱት ካድሬዎች ጋር ነው። በየመንደሩ እየዞረ በድምፅ ማጉያ «ሰማዩ ባዶ ነው!» እያለ ያስተምር ነበር። ምስኪን ሰፋሪ፣ ወባ እያንቀጠቀጠው ቁጭ ብሎ ያዳምጥና ንግግሩ ሲያልቅ በልማዱ «አሜን!» ይላል። ክንፈ በዚህ ይናደድ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ፣ ክልሉም አዲስ ክልል ሲሆን ነው ጉዱ የታየው። አብረውት ይጮኹ የነበሩት ሁሉ ወር ሳይሞላቸው ነጠላ አጣፍተው ከቅዳሴ ተገኙ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ምንውየለት ነው። ይህ ሰው የቀበሌ ሊቀ መንበር ሳለ፣ ንቃቱን ለማሳየት ሲል ዓርብ ዓርብ ስብሰባ መሐል ሥጋ ያስቆርጥ የነበረ ነው። ዛሬ የበሬ ቃጭል የሚያህል መስቀል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይባርካል። ክንፈን ሲያይ «ወየው ወንድሜን! መቼ ይሆን ልብህን የሚያበራልህ?» ይላል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ክንፈ አልተለወጠም። ከሥራው ተባረረ፣ አንዲት ክፍልና አረም ብቻ ያለበት ሰፊ ግቢ ይዞ ብቻውን ቀረ። ብቻውን ስል ግን ነገራ አለ።

ነገራ ከወለጋ የመጣ ጴንጤ አናጺ ነው። በዚያ በደጉ ዘመን፣ በንቃት ትምህርት ላይ እጁን አውጥቶ «ጓድ፣ ሰማዩን ማን ገብቶ አይቶት ነው ባዶ ያለው?» ብሎ የጠየቀ እሱ ብቻ ነበር። ምንውየለት ወዲያው «ሪፖርት ጻፍበት» አለ። ክንፈ አልጻፈበትም። ጥያቄው አስደስቶት ነበር፤ ቢያንስ አሜን ያላለ አንድ ሰው ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስካሁን ይከራከራሉ።

ክርክር ካላችሁት ነው እንግዲህ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! አንድ ቀን ነገራ የሠራትን ወንበር አምጥቶ «ይቺ ራሷን በራሷ ሠራች?» አለው። ክንፈ ተቀመጠባትና ወዲያ ወዲህ አለባት። «ትወላገዳለች። ዓለሙም ይወላገዳል። ፈጣሪህ ሙያውን የተማረው ካንተ ነው ማለት ነው» አለው። ገበያው በሳቅ ሞተ። ነገራ ፊቱ ጠቁሮ ወንበሯን ተሸክሞ ሄደ፤ በማግስቱ እግሯን አስተካክሎ መለሳት፤ ክንፈም እስከ ዛሬ የሚቀመጠው በእሷ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አንዱ ሌላውን አንዲት ስንዝር እንኳ አላነቃነቀውም። የነገራ ሚስት ብሪቱ ምሳ ለሁለት ቋጥራ ትልካለች። ነገራ ሲጸልይ ክንፈ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል እንጂ ቀድሞ አይጎርስም። ለምን ሲሉት «ሥነ ሥርዓት ነው» ይላል።

ነገሩ የመጣው መንገዱ ሲሰፋ ነው። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ሆነችና ጓሮ የነበረው የነገራ ቤት መንገድ ዳር ሆነ። ይኼኔ ምንውየለት ብቅ አለ። «ቦታው የኔ ነው፤ ያኔ ለጊዜው አስጠግቼው ነው» አለ። ውሸታም! ሊቀ መንበር ሆኖ ፈርሞ የሰጠው እሱ ራሱ ነው፤ ወረቀቱን በመኪና የጻፈው ደግሞ ክንፈ። ወረቀቱ በለውጡ ግርግር ጠፋ። ከክንፈ ሌላ ምስክር የለም።

ጉዳዩ ለሦስት ሽማግሌዎች ተሰጠ፤ ሰብሳቢያቸው ሼህ ባቢከር፣ የበርታ ብሔረሰብ አዛውንት፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ደንባቸው አንድ ነው፤ ክርስቲያኑ በመጽሐፉ፣ እስላሙ በቁርዓኑ ይምላል፤ ያልማለ አይሰማም።

ምንውየለት ለመማል ማን ቀድሞት! መጽሐፉን በሁለት እጁ አነሣ፣ ሳመው፣ ግንባሩን አስነካው፣ «ብዋሽ ያንገብግበኝ» አለ። ቁርዓኑንም ጨምሩልኝ ሊል ምንም አልቀረው።

ነገራ ተጠራ። «አልምልም» አለ። «ወንጌል መማልን ይከለክላል።»

ሼህ ባቢከር ግራ ገባቸው። «አንተ ሰውዬ፣ አማኝ አይደለህም?»

«አማኝ ስለሆንኩ ነዋ፣ ሼህ።»

ብሪቱ ራሷን ያዘች። የክንፈ ተራ ለማግስቱ ተቀጠረ።

በማግስቱ ማለዳ ብሪቱ ማንጎው ሥር መጣች። ክንፈ ገና አፉን ሲከፍት አስቆመችው። «ዝም በል! ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻችኋለሁ። ዛሬ ትምላለህ።»

«እንዴት እምላለሁ ብሪቱ? በማላምንበት?»

«ከሌለ ማንን ትፈራለህ? እጅህን ወረቀት ላይ አድርገህ እውነቱን መናገር ነው። ቤቴ ነው እኮ! ልጆቼን የወለድኩበት ቤት!»

ነገራ በስንት ዓመት ያላገኛትን ጥያቄ ብሪቱ ቆማ አገኘቻት።

ሄደ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበ። እጁን መጽሐፉ ላይ ጫነ። ይኼኔ ምንውየለት ዘሎ ተነሣ።

«ክቡራን ሽማግሌዎች! ይሄ ከሃዲ ነው! አገር ያወቀው!» አለ፣ ቃጭሉን ጨብጦ።

ሼህ ባቢከር ወደ ክንፈ ዞሩ። «አንተ በዚህ መጽሐፍ ታምናለህ?»

«አዎ» አለ ክንፈ። በዕድሜው እንደዚያች ቃል የከበደችው የለም።

ሼሁ ወደ ነገራ ዞሩ። «እናንተ ሁልጊዜ ስትከራከሩ ገበያ ይሰማል። ያንተ ምስክር ነው። አንተ ተናገር፤ ይሄ ሰውዬ ያምናል?»

ብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ ዛሬ ብቻ አስዋሸው» ብላ ለመነች። ጸሎቱ ነውር መሆኑ አልጠፋትም፤ ግን ቤቷ ነው።

ነገራ ክንፈን አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ። «አያምንም» አለ።

በቃ። ምስክርነቱ ሳይሰማ ቀረ። «ልቤን ደስ አላለውም» አሉ ሼህ ባቢከር፣ «ግን የማለ አንድ ብቻ ነው።» ምንውየለት አማተበ። ጉድ እኮ ነው! ከሦስቱ አንዱ እግዜርን ፈርቶ አልምልም አለ፣ አንዱ ለወዳጁ ሲል በማያምንበት ሊምል ተነሣ፤ ቦታውን ግን የወሰደው ምንም የማይፈራው ነው። አፈር ይብላ!

ክንፈ ውጭ ላይ ነገራን ደረቱን ይዞ ነቀነቀው። «አንተ ደንቆሮ! አንዲት ቃል! አንዲት አዎ ብትል ምን ነበረበት?»

«አሁን የት ልሄድ እንደሆነ አላውቅም» አለ ነገራ። «ግን ዋሽቼልህ ቢሆን፣ ነገ ማንጎው ሥር መጥቼ ምን ብዬ እከራከርሃለሁ?»

በሦስተኛው ቀን ውሳኔው ለጽሕፈት መጣ። ለማን ይምጣ? ከተማው ውስጥ እንደሱ የሚጽፍ የለም። ክንፈ መኪናውን ወረቀትና ካርቦን አጎረሰና መታ መታ አደረገው፤ «ምስክሩ በፈጣሪ የማያምን መሆኑ በራሱ በባለጉዳዩ ስለተረጋገጠ...» እያለ። ቀጥሎ «ቤቱን በ15 ቀን ውስጥ አፍርሶ ቦታውን እንዲያስረክብ» የሚለው ላይ ደረሰ።

ብሪቱ የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጥላ ከኋላው ቆማለች። «አንዲት ዜሮ ጨምርበት» አለች ቀስ ብላ። «መቶ ሃምሳ አድርገው። ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ። ሽማግሌዎቹ ደግመው አያነቡትም፤ ይፈርማሉ።»

ክንፈ ጣቱን ዜሮዋ ላይ አደረገ። ቆየ። አንሥቶ የቀረውን እንዳለ መታና መስመር ለወጠ።

«ለምን?» አለች ብሪቱ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ለመማል ያልፈራህ! ዛሬ ማንን ትፈራለህ?»

ክንፈ ቀና አለ። ከመንገዱ ማዶ ነገራ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሚስማር ይነቅላል፤ የጎበጠውን በመዶሻ እያቃና ኪሱ ይከታል።

«እሱን» አለ ክንፈ።

ብሪቱ አንዴ ባሏን፣ አንዴ ክንፈን አየች። ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ገመዱን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«እንግዲያውስ የምትፈራውን ጌታ ግቢህ አስገባው» አለች። «ግማሹ ይበቃናል፤ አረሙን እኔ እነቅላለሁ። ደግሞ እዚያ ግቢ ውስጥ አለ ያለም፣ የለም ያለም ምሳ የለውም። ተነሥ፣ ዕቃውን እንሰር፤ ገመዱን ያዝልኝ።»

ክንፈ ተነሥቶ የገመዱን ጫፍ ያዘ።